ስንኝ የሚቋጥር ሰው ምን ተብሎ ይጠራል?

(ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር ለንባብ ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ለማንበብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ውላችሁ፣ ባጃጅ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሬን ከአንዲት ተማሪዬ ልጀምር። ስሟን አልጠራም። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ እዚሁ ጣና ዳር አንድ የግጥም ምሽት ነበር። መድረክ መሪው ወረቀት ይዞ እየዞረ አቅራቢዎቹን ይመዘግባል። ስማቸውን ከጠየቀ በኋላ «ምን ብዬ ላስተዋውቅህ?» ይላል። አንዱ «ገጣሚና ጋዜጠኛ» አለው። ሌላው «ገጣሚ፣ ደራሲ፣ አርቲስት» አለው። ተማሪዬ ጋ ሲደርስ «ኧረ እኔ ምንም አይደለሁም፤ ዝም ብዬ እሞነጫጭራለሁ» አለችው። እሱም ከስሟ ጎን ምንም ሳይጽፍ አለፈ። ተራዋ ሲደርስ «አሁን ደግሞ አንዲት እህታችን» ብሎ ጠራት።

ያቺ «አንዲት እህታችን» ያነበበችው ስለ እምቦጭ ነበር። አባቷ አሣ አጥማጅ ነው። ማለዳ መረቡን ይስባል። መረቡ ይከብደዋል። ቆሮሶ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ሲያወጣው አረም ነው። ይህን በአሥራ ስድስት ስንኝ አለችው። ስታነብ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስትጨርስ ለጥቂት ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ «አዬ ልጄ!» ሲሉ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ነው ጭብጨባው የመጣ።

ወደ ቤቴ ስሄድ የመድረክ መሪው ወረቀት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ከሁሉም ስም ጎን ማዕረግ አለ። ከእሷ ስም ጎን ባዶ ነው። ይህን ቃል የሚሰጠው ማን ነው? የሚነፍገውስ? ዛሬ ማታ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

«እሞነጫጭራለሁ»፣ «እሞካክራለሁ» የሚሉት አነጋገሮች የእኛው ናቸው። ራሱን የሚያሞግስ ሰው ነውረኛ ነው ተብለን ነው ያደግነው። «ገጣሚ ነኝ» ማለት ለብዙ ሰው «ቆንጆ ነኝ» እንደማለት ነው። ሌላ ሰው ይበለው እንጂ ባለቤቱ አይለውም። ይህን ትሕትና እወደዋለሁ። ችግሩ ያ ሌላ ሰው ዝም ሲል ነው።

ቃሉን ራሱን ጠጋ ብለን እንየው። ገጣሚ የመጣው «ገጠመ» ከሚለው ግስ ነው። አናጺ በርን ከመቃኑ ጋር ያገጥማል። ልክክ ሲል «ገጠመ» ይላል። ክፍተት ካለው አልገጠመም፤ ሌሊት ብርድ ይገባል። የጥምቀት ዕለት የባሕር ዳር ጎዳና ሰው ግጥም ብሎ ይሞላል። ውኃ የጠማው ሰው ጣሳውን ግጥም አድርጎ ይጠጣል። የተቆጣ ሰው በሩን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ክፍተት የሚባል ነገር የለም። አማርኛ ለዚህ ጥበብ ስም ሲያወጣ ስለ ስሜት አላወራም፣ ስለ ውበትም አላወራም። ስለ እጅ ሥራ ነው ያወራው።

ሌላውም አነጋገር እንዲሁ ነው። ስንኝ «ይቋጠራል» እንላለን። የሚቋጠር ነገር ምንድን ነው? ስንቅ ይቋጠራል። እናቶቻችን ሳንቲም በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። እንዳይጠፋ፣ እንዳይበተን፣ በተፈለገ ጊዜ ተፈትቶ እንዲወጣ ነው። ስንኝም መጻፊያ በማይገኝበት ቦታ በሰው ልብ ውስጥ እንዳይበተን ነው የሚቋጠረው። ለዚህ ነው ልኬት ያለው። የወል ቤት የምንለው ስድስት ስድስት እያለ ይሄዳል፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። ቤት ይመታል። ቤት ካልመታ ቋጠሮው ላልቷል ማለት ነው። (ቤት የማይመታውን ግጥም የምትጽፉ ወጣቶች አትቀየሙኝ፤ የእናንተም ቋጠሮ አለው፤ ሌላ ቦታ ነው ያለው።)

የጣና ታንኳ ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ ሆኜ ሰዓቱን ሙሉ አይ ነበር። ሰውየው የደረቀውን ደንገል እቅፍ እቅፍ እያደረገ ይጠምረዋል። ከዚያ በጉልበቱ ተጭኖ ያስረዋል። ምስማር የለም። ሙጫ የለም። ያለው እሥር ብቻ ነው። አንዱ እሥር ከላላ ደንገሉ ውኃ ላይ ይበተናል። ስንኝ መቋጠርን ለተማሪዎቼ ማስረዳት ሲያቅተኝ ይዣቸው የምሄደው ወደዚያ ነው።

አሁን ወደ ባለቅኔ ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የቆምነው በቅኔ አገር ነው።

የድሮ ተማሪ ዜማ ፍለጋ ወደ ጋይንቱ ቤተልሔም፣ አቋቋም (የማኅሌቱን ዝማሬና ሽብሸባ) ፍለጋ ወደ ጎንደር፣ ቅኔ ፍለጋ ደግሞ ወደ ጎጃም ነበር የሚሄደው። ከታወቁት ሦስት የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ጎንጅና ዋሸራ፣ የጎጃም ናቸው። ሦስተኛው ዋድላ ነው። ከዚህ ታንኳ ወይም ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ስትሻገሩ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም ስትገቡ፣ መጀመሪያ የምትቆሙበት የውጨኛው ክፍል ስሙ ማን ነው? ቅኔ ማኅሌት። እስቲ አስቡት፤ በየክብ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በቅኔ ስም የተጠራ ቦታ አለ። ወደ ቅድስቱ የሚገባው በዚያ በኩል አልፎ ነው።

ቅኔ የሚለው ቃል በግእዝ «ተቀንየ»፣ ማለትም ተገዛ፣ አገለገለ ከሚለው ጋር ዘመድ ነው። ገጣሚ በእጅ ሥራ ተጠራ፤ ቅኔ በመገዛት ተጠራ። የቅኔ ቤት ሰው ደግሞ ለሥራው ብዙ ግሶች አሉት። ተማሪው ጠዋት ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን «ይቆጥራል»። ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ትበቃዋለች። እየበሰለ ሲሄድ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ማታ መምህሩ ፊት ይቆምና «ይነግራል»፤ መምህሩ ያርመዋል። በበዓል ቀን ማኅሌቱ ላይ ባለሙያው ቅኔውን «ይዘርፋል»፤ አጠገቡ የቆመው ይቀበለዋል። የሰማው ሁሉ ደግሞ «ይፈታል»። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ነገ እንደ አዲስ አይቀርብም። በየበዓሉ አዲስ ይፈለጋል።

መዝረፍ የሚለው ቃል ያስደንቀኛል። ቃሉን ስንሰማ የሚመጣብን የንብረት ዘረፋ ነው። ሆኖም በቅኔ ቤት «እገሌ ዘረፈ» ማለት ታላቅ ምስጋና ነው። ፈረሰኛውም ግዳይ ጥሎ ሲመጣ «ዘራፍ!» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ «መምህር፣ የሚዘርፈው ከማን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ምን ይባላል? እዚያው ቅኔ ቤት ውስጥ ብትጠይቁ «መምህር»፣ «መሪጌታ»፣ «ቅኔ አዋቂ» ነው የሚሉት። ፊት ለፊት ሲጠሩት «የኔታ» ነው። «ባለቅኔ» የሚለው በብዛት የሚሰማው ከውጭ ነው፤ ከጋዜጣ፣ ከሬዲዮ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ። «ባለ» የባለቤትነት ቃል ነው። ባለሱቅ ሱቅ አለው፣ ባለርስት ርስት አለው፣ ባለቅኔ ቅኔ አለው። ገጣሚ ግን የሠሪ ስም ነው። መግጠሙን ካቆመ ምን ሊባል ነው? ባለቅኔው ግን ዝም ቢልም ባለቅኔ ነው።

አጠቃቀሙን ልብ በሉ። «ታላቁ ባለቅኔ» እንላለን፤ «ወጣቱ ገጣሚ» እንላለን። አዛውሩትና ሞክሩት። «ወጣቱ ባለቅኔ» ሲባል ጆሮ ትንሽ ይቆረቁረዋል። ቃሉ ዕድሜ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜም ሞት ይጠይቃል። በሕይወት እያሉ ገጣሚ የተባሉ ሰዎች ካረፉ በኋላ ባለቅኔ ሲሆኑ አይቻለሁ። ሥራቸው አልተጨመረበትም፤ የተጨመረው አበባ ነው።

አንዳንድ ሰው «ግእዝ ያልተማረ፣ ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው ባለቅኔ ሊባል አይገባም» ይላል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። አንድ ተማሪ ለቅኔ ስንት ዓመት ደበሎ ለብሶ፣ ኮቸሮ ለምኖ እንደሚማር የሚያውቅ ሰው ቃሉ በየማስታወቂያው ሲለጠፍ ቢያመው አይፈረድበትም። ደብረ ኤልያስ ተወልደው በቅኔ ያደጉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ቲያትርና የአማርኛ ግጥም ሲጽፉ ያ ትምህርት አብሯቸው ነበር። እነዚያን ስንኞች የሚያነብ ሰው ይሰማዋል። እኔ ግን በሩን በዚህ ልክ ግጥም አድርጌ መዝጋት አልፈልግም። ምክንያቴን በኋላ ትሰሙታላችሁ።

ሴቶችስ? «ገጣሚት» የሚል ቃል አለን። አንዳንዶች ይወዱታል፣ አንዳንዶች «ገጣሚ ይበቃኛል» ይላሉ። ሁለቱንም አከብራለሁ። ባለቅኔ ግን ለወንድም ለሴትም ያው ነው፤ ይህ የቃሉ አንዱ ደግነት ነው። ሆኖም ሰው ባለቅኔ ሲባል በሐሳቡ የሚመጣለት ጥምጥም ነው። በጎጃም ዓይነ ስውር የነበሩ፣ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ እናት ነበሩ፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ። የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር ተነስቶ እግራቸው ሥር ይቀመጥ ነበር። ስማቸውን ክፍል ውስጥ በጠራሁ ቁጥር ሴት ልጆች ቀና ይላሉ። ይህን ለማየት ብቻ ስማቸውን በየዓመቱ እጠራለሁ።

ማዕረጎቹን ቶሎ ልለፍ። «ሎሬት» ከውጭ የመጣ ቃል ነው። ለአብዛኞቻችን ሎሬት ማለት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ቃሉ ግን ለግጥም ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም የዓለም ሎሬት ይባሉ ነበር። «አርቲስት» ደግሞ አሁን ሁሉንም ጠቅልሎ ይዟል። ዘፋኙም፣ ተዋናዩም፣ ገጣሚውም አርቲስት ነው። ቃሉ ማንንም አይጎዳም። ግን ምን እንደምትሠራ አይናገርም። «ደራሲ» ድሮ የዜማውንም የግጥሙንም ሠሪ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ደራሲ ስንል ልብ ወለድ ነው የሚታየን።

ስም እንዴት ሰውን እንደሚያሳንስ ማየት ለሚፈልግ ከጣና ማዶ ያሉትን አለቃ ገብረ ሐናን ያስብ። የፎገራው የናበጋ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። ስማቸው ሲነሳ ሁላችንም ፈገግ እንላለን። ቀልዳቸውን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ሊቅ እንደነበሩ፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም የእሳቸው ፈጠራ መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናነሳለን? የአቋቋሙን ውዝዋዜ ያገኙት የጣና ማዕበልና የዳር ደንገሉ ሲወዛወዝ አይተው ነው ይባላል። «ቀልደኛ» የሚለው ስም ይህን ሁሉ ሸፈነው። ቀልድ ከምንለው ውስጥ ስንቱ ቅኔ እንደሆነ ደግሞ ቁጭ ብሎ የፈታ ያውቃል።

አሁን አዝማሪ። እዚህ ላይ ልቤ ስለሚደማ ቀስ ብዬ ልናገር።

አዝማሪ ከ«ዘመረ» ነው የመጣው። መዝሙር ከዚያው ነው። ዘማሪ ከዚያው ነው። መዘምር ከዚያው ነው። አንድ ሥር፣ አንድ ቤተሰብ። መዘምሩ ነጭ ለብሶ ሲያልፍ ሰው ዝቅ ብሎ ሰላም ይላል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲያልፍ ግን ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ይጠብቀዋል። «ልጄን ለአዝማሪ አልድርም» ያሉ አባት አውቃለሁ። እኚያው ሰው በሠርጋቸው አዝማሪ ባይኖር ሠርግ አይሉትም ነበር።

እስቲ ሥራውን በቅርብ እንየው። ባሕር ዳር ውስጥ ማታ አንድ የአዝማሪ ቤት ግቡ። መሰንቆው አንድ ጅማት ብቻ ነው ያለው፤ ያውም የፈረስ ጭራ ነው። ሰውየው ደጋኑን እየሳበ በእናንተ ዙሪያ ይመላለሳል። ጓደኛችሁ በጆሮው ስማችሁን ሹክ ይለዋል። ከየት እንደመጣችሁ ይሰማል። ጫማችሁን ያያል። ኩርፊያ ላይ እንደሆናችሁ ከአቀማመጣችሁ ይገባዋል። ደጋኑ ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ ስማችሁ በስድስት ስድስት ልኬት ገብቶ፣ ቤት መትቶ ይወጣል። እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ቡና ይዤ፣ ስንኝ ለማረም ሦስት ቀን ይፈጅብኛል።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከተቀመጠው ሰው መካከል አንዱ እጁን ያነሳና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው «እህ!» ይላል። ሰውየው ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ወዲያው በዜማው ያስገባዋል። ያ ሰው ነገ ጠዋት ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጣሪ ነው፣ ወይም መካኒክ ነው። ለዚያች ሌሊት ግን ግጥም ሰጥቷል። ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ተቀባይ አለ ብያችኋለሁ፤ እዚህም ተቀባይ አለ። በሁለቱም ቦታ ግጥም አንድ ሰው ብቻውን የሚጨርሰው ነገር አይደለም።

የዚህን ሰው ቃል ክብደት ጠላት ያውቀው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። መሰንቆ ብቻ የያዘ ሰው በጥይት የሚፈለገው ለምንድን ነው? በየገበያው የሚለው ነገር አገር ስለሚያነሳ ነው። ጠላት እንደ ጦረኛ ቆጠረው። እኛ ግን ከነጻነት በኋላም «አዝማሪ» ብለን መሳደባችንን አልተውንም።

አንድ የማውቀው አዝማሪ መታወቂያ ሊያወጣ ሄደ። «ሥራ?» ተባለ። «አዝማሪ» አለ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችውና «ድምፃዊ ልበልህ?» አለችው። ክፉ አስባ አይደለም፤ ልታከብረው ነው። እሱም «እሺ» አለ። ሲያጫውተኝ «ደግሞስ ድምፄ መች ያን ያህል ነው፤ የምበላው በግጥሜ ነው» አለኝ። ይህን ሰው ገጣሚ ብሎ የመዘገበው አንድም ወረቀት የለም።

ስለ ሸላዩ፣ ስለ ፎካሪው፣ ስለ አቅራሪው ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሰዓቱ አይበቃንም። እረኛው ግን አይታለፍም። ድሮ ባለሥልጣናት የአገሩን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር። ማን እንደገጠመው አይጠየቅም። የተባለው ነገር ብቻ ይጠየቃል። ያ ልጅ ገጣሚ አልተባለም፤ ቃሉ ግን ቤተ መንግሥት ገብቷል።

ወደ መጨረሻው ሰው ልምጣ። ስለ እሷ ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የዞርሁት።

አያቴ የዘጌ ሴት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። በሠርግ ዘፈን ታወጣለች። በለቅሶ ሙሾ ታወርዳለች። «ማውጣት» እና «ማውረድ» የሚሉትን ቃላት መጀመሪያ የሰማሁት በእሷ ምክንያት ነው። ሰው ሲጠራት «አልቃሽ» ይላታል። «አልቃሿን ጥሩ» ይባላል። ልጅ ሆኜ ቃሉን አልወደውም ነበር። የሚያለቅስ ሰው ማለት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ስታወርድ አታለቅስም። የሚያለቅሱት ሌሎቹ ናቸው።

ሥራዋን አንድ ጊዜ በቅርብ አይቻለሁ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ አሣ አጥማጅ ሰው ማዕበል በልቶት ታንኳው ባዶዋን ዳር ወጣች። አያቴ ለቅሶ ቤቱ እንደደረሰች ወደ ድንኳኑ አልገባችም። ጓዳ ገብታ የሟችን እህት ያዘቻት። «ንገሪኝ» አለቻት። ምን ይወድ ነበር? ማንን ትቶ ሄደ? ሚስቱ አራስ መሆኗን እዚያ ነው የሰማችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጣፋች። ከዚያ ወጥታ ሴቶቹ መካከል ቆመች። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየቆጠረች ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ እንዲህ አለች፦

ጣና ሆደ ሰፊ ሲሉህ እሰማለሁ፤
የሆድህን ስፋት ዛሬ ገና አየሁ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅሁ።

መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው የገባኝ። ሆደ ሰፊ ማለት ታጋሽ ማለት ነው፣ ቻይ ማለት ነው። ሰሙ ይህ ነው፤ ሐይቁን ታመሰግነዋለች። ወርቁ ሰው የዋጠው ሆድ ነው። ሁለት ቤት ናት፤ እንደ ጉባኤ ቃና። ልኬቷ አልሳተም። ቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ቆማ፣ ያለ ወረቀት፣ አራስ ሚስት ፊት ይህን አለች። ባለቅኔ የሚለውን በር ግጥም አድርጌ አልዘጋም ያልሁት ለዚህ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። አያቴ ያረፈች ጊዜ የሕይወት ታሪኳን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የአማርኛ መምህሩ ማን ይጻፈው? ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተነበበ። የት እንደተወለደች ጻፍሁ። ስንት ልጆች እንደወለደች ጻፍሁ። «በቤት እመቤትነት ቤተሰባቸውን በመልካም ሥነ ምግባር ሲያስተዳድሩ የኖሩ» ብዬ ጻፍሁ። ሁሉም እንዲህ ስለሚጻፍ እኔም እንዲህ ጻፍሁት። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ «ባለቅኔ» እና «ገጣሚ» ልዩነታቸው ምንድን ነው ብዬ ፈተና አውጥቻለሁ።

ከቀብር ስንመለስ አንዲት የእሷ እኩያ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ አሳምረህ ጽፈሃል» አሉኝ። ጥቂት ተራመድን። «ግን ስንቱን ቤት በግጥሟ ያስተዛዘነችውን ምነው ሳታነሳላት?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እሳቸው «ግጥሟ» ነው ያሉት። «ለቅሶዋ» አላሉም፣ «ሙሾዋ»ም አላሉም። እኔ የተማርሁት ሰው ያጣሁትን ቃል ያገኙት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ገዝቼ መልቀም ጀመርሁ። ዘጌ እየተሻገርሁ፣ አክስቶቼን፣ ጎረቤቶቿን፣ ለቅሶ አብረዋት የቆሙትን እየጠየቅሁ። ብዙዎቹ አርጅተዋል። «ኧረ እንዲህ ስትል ነበር» ይሉና መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል። እስካሁን ሙሉ ሆኖ ያገኘሁት አሥራ አንድ ብቻ ነው። በየለቅሶው ያወረደችው ስንት እንደነበር አስቡት። በደብተሩ ሽፋን ላይ ስሟን ጻፍሁ። ከስሟ በፊት «ገጣሚ» አልሁ። ቃሉን እሷ በሕይወት ሳለች ሰምታው አታውቅም።

ያቺ ተማሪዬስ? ባለፈው ወር ሌላ ምሽት ነበር። መድረክ መሪው ሌላ ሰው ነው። እሷ ጋ ሲደርስ እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። «እሞነ...» ልትል ስትጀምር ቀደምሁና «ገጣሚ ብለህ ጻፍ» አልሁት። እሷ አንገቷን ደፋች። እሱ ጻፈ።

አንድ ልመና አለኝና በሱ ልጨርስ። ደብተሬ ውስጥ ግማሽ የቀረ አንድ አለ። የቡና ለቀማ ወራት ላይ ለሞተ ለአንድ ወጣት ያወረደችው ነው። አክስቴ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የምታስታውሰው፦

ቡናው ቀላ አሉኝ፣ ለቃሚው መች ነቃ፤

ሁለተኛው «ቃ» ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። እኔ ራሴ ልሞላው ብዙ ጊዜ ቃጥቶኛል፤ የእሷ ስላልሆነ ተውሁት። ከመካከላችሁ የዘጌ ሰው ካለ፣ ወይም በዚያ በኩል አሮጊት ዘመድ ያለው ካለ፣ እባካችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አግኙኝ። በሩ አጠገብ እቆያለሁ።